የስንጥቅ ምስክርነት፦ የትንሽ ድሮን ቅርፊት ለምን ይሰነጠቃል? እንዴትስ ይጠገናል?



የዛሬው ርዕሰ ጉዳያችን ሲያዩት ትንሽ ነው። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ፣ አራት ሞተሮች ያሉት፣ ለፎቶግራፍና ለመዝናኛ የሚውል አንድ ድሮን አለ እንበል። ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አካሉ ከላይና ከታች ሁለት ግማሾች የተገጠመ የፕላስቲክ ቅርፊት ሲሆን፣ የቅርፊቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ቀን ከሞተሩ ሥር፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ክንዱ የሚሄድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይታያል። ባለቤቱ ሱፐር ግሉ ጠብ ያደርግበታል፤ ማጣበቂያው ይደርቃል፤ መስመሩ ከዓይን ይሰወራል፤ ድሮኑም እንደ ቀድሞው ይበራል። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፦ የተወገደው ስንጥቁ ነው ወይስ የስንጥቁ መታየት?

በብዙ ዕቃዎች ላይ ቅርፊት የሚባለው ውስጡን ከአቧራና ከንክኪ የሚከልል ልብስ ነው። የሬዲዮ ሽፋን ቢሰነጠቅ ሬዲዮው ማውራቱን አይተውም። በዚህ ዓይነቱ ድሮን ግን ቅርፊቱ ልብስም አጥንትም ነው። አራቱ ሞተሮች የታሰሩት በእርሱ ላይ ነው፤ ባትሪውንና ካሜራውን የሚያነሣው ኃይል የሚተላለፈውም በእርሱ በኩል ነው። በገበያ ላይ የሚገኝ ተራ ባለ አራት ሞተር ድሮን አንድ ክንዱ ቢሰበር በሦስቱ ሚዛኑን ጠብቆ አይመለስም፤ ይወድቃል። የአየሩን ተቃውሞ ካልቆጠርን፣ ከ30 ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ ሠርገኛ፣ ተማሪ ወይም ገበያተኛ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስለ አንዲት የፕላስቲክ መስመር ስንነጋገር ስለ ሰው ደኅንነት እየተነጋገርን እንደ ሆነ አስቀድመን እንያዝ።

በመጀመሪያ ስንጥቅ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኢንግሊስ፣ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ያለበት ዝርግ አካል ሲሳብ ውጥረቱ በቀዳዳው ጫፍ ላይ ምን ያህል እንደሚባዛ በስሌት አሳየ። ስሌቱ ቀላል ነው። የስንጥቁን ጥልቀት ለጫፉ የጥምዝ ሬድየስ አካፍሉ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ውሰዱ፤ በ2 አባዙትና 1 ጨምሩበት። 2 ሚሊ ሜትር የገባና የጫፉ ሬድየስ 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ ብንወስድ ውጤቱ 21 ይሆናል። ይህም ማለት በክንዱ ላይ በአማካይ ያለው ውጥረት በስንጥቁ ጫፍ ላይ 21 እጥፍ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው አለን ግሪፊዝ ሁለተኛውን ሐሳብ አከለበት፦ ስንጥቅ የሚያድገው፣ ሲያድግ ከአካሉ የሚለቀቀው ኢነርጂ አዲስ ገጽ ለመክፈት ከሚጠይቀው ኢነርጂ ሲበልጥ ነው። ከሁለቱ ሥራዎች የምንማረው አንድ ነው። ስንጥቅ በራሱ የቆመ ጉድለት አይደለም፤ ውጥረት ምግቡ ነው፤ በረዘመ ቁጥርም ለመርዘም የሚያስፈልገው ኃይል እያነሰ ይሄዳል።

ፋርንቦሮን ካነሣሁ አይቀር፣ መንስኤን ሳያውቁ መጠገን ምን እንደሚያስከትል የሚያስተምር አንድ ታሪክ ከዚያው ላውሳ። ኮሜት የተባለው የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 በጣሊያን ኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታትኖ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። የቀሩት አውሮፕላኖች በረራ ተቋረጠ። መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው በተገመቱ ነገሮች ላይ በርካታ ማሻሻያዎች ተደረጉና ማርች 23 ቀን በረራው እንደገና ተጀመረ። ኤፕሪል 8 ቀን ሌላ ኮሜት በኔፕልስ አቅራቢያ ወደቀ፤ 21 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሙሉ የኮሜት አካል በውኃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ የበረራን የግፊት ለውጥ እንዲመስል ደጋግሞ እየተሞላና እየተለቀቀ የተፈተነው። ያ አካል በአገልግሎትና በፈተና ያሳለፋቸው ዙሮች በድምሩ 3000 ጥቂት እንዳለፉ ተቀደደ። ምክንያቱም የቁስ ዝለት ነበር፤ በመስኮትና በመሰል ክፍተቶች ማዕዘን ላይ የተከማቸ ውጥረት በእያንዳንዱ በረራ እየተመላለሰ ብረቱን አዝሎት ነበር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አደጋ መካከል የተደረገው ጥገና ትጋት አልጎደለውም። የጎደለው መንስኤውን ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ድሮናችን እንመለስ። በቅርፊቱ ላይ ስንጥቅ ሲታይ አራት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ በላይ ሆነው ይተባበራሉ።

የመጀመሪያው ከፋብሪካ የመጣና በብሎን የተጨመረ ውጥረት ነው። ቅርፊቱ የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ገብቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል እኩል ስለማይቀዘቅዙ በውስጡ ታምቆ የሚቀር ውጥረት አለ። በብሎን ቀዳዳ ዙሪያ የቀለጠው ፕላስቲክ ለሁለት ተከፍሎ ዞሮ ሲገናኝ ደግሞ ደካማ መጋጠሚያ ይፈጠራል። በዚህ ላይ ካቻቢቴ የያዘ ሰው «አይላላብኝ» ብሎ ብሎኑን ከልኩ በላይ ሲያጠብቀው ቀዳዳው ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ ይኖራል። ድሮኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንኳ ውጥረቱ አያርፍም።

ሁለተኛው ኬሚካል ነው፤ ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ብሎን በንዝረት እንዳይላላ በጥርሱ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ማጣበቂያ አለ። ይህ ፈሳሽ የሚጠነክረው አየር በማያገኝበትና ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ ነው። ተርፎ ወደ ፕላስቲኩ የፈሰሰው ግን ሳይደርቅ ይቆያል፤ ኤቢኤስና ፖሊካርቦኔት በተባሉት ፕላስቲኮች ውስጥ፣ በተለይም በተወጠረው ስፍራ፣ በሞለኪውሎቹ ሰንሰለት መካከል ሰርጎ ገብቶ ትስስራቸውን ያላላል። ፕላስቲኩ ብቻውን ሊሸከመው ይችል የነበረውን ውጥረት ከፈሳሹ ጋር ሲሆን መሸከም ያቅተዋል። ቤንዚን፣ አሴቶንና አንዳንድ ዘይቶችም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። ስለዚህ ከብሎን ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ኮከብ ጨረር የተበተኑ ጥቃቅን ስንጥቆች ስታዩ፣ ድሮኑ ወድቆ እንደ ሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ብሎኑ ምን ተቀብቶ እንደ ነበር ጠይቁ።

ሦስተኛው ንዝረት ነው። አንድ ፕሮፔለር በደቂቃ 6000 ዙር ይዞራል እንበል፤ በሰከንድ 100 ዙር መሆኑ ነው። ጠጠር ነክቶት ወይም ጫፉ ተሸርፎ አንዱ ክንፍ ከሌላው በ0.1 ግራም ቢለይና ይህ ልዩነት ከማዕከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የሚፈጠረው የሚዞር ኃይል 2 ኒውተን ያህል ነው። ድሮኑ አየር ላይ ቆሞ ሲንሳፈፍ እያንዳንዱ ሞተር የሚያነሣው 3.2 ኒውተን ብቻ መሆኑን ስታስቡ፣ ከአንድ አሥረኛ ግራም የመጣው ኃይል ከመደበኛው ጭነት ግማሽ በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አቅጣጫውም በሰከንድ 100 ጊዜ ይመላለሳል። በአንድ የ20 ደቂቃ በረራ ክንዱ 120,000 ጊዜ ይወዘወዛል ማለት ነው። የኮሜት አካል 3000 ዙር በቅቶት እንደ ነበር አስታውሱ፤ የውጥረቱ መጠንና ቁሱ የተለያዩ ቢሆኑም የዝለት መንገዱ አንድ ነው።

እዚህ ላይ የምንኖርበት ከፍታ የሚጨምረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ድሮኑ ያንኑ ክብደት በስስ አየር ላይ ለማንሣት ፕሮፔለሩን በ15 በመቶ ያህል አፍጥኖ ማዞር ይኖርበታል። ካለመመጣጠን የሚመጣው ኃይል የሚያድገው በዙር ፍጥነቱ ካሬ ስለ ሆነ፣ ያው የተሸረፈ ፕሮፔለር በእኛ ከተማ የሚያደርሰው ኃይል በጅቡቲ ወደብ ከሚያደርሰው በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ለሌላ አገር የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ይህን አይነግረንም፤ ማስላት የእኛ ሥራ ነው።

አራተኛው ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በኤቢኤስ ውስጥ ስብራትን የሚቋቋመው የጎማ ክፍል በዚህ ጨረር ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ነጩ ቅርፊት ወደ ቢጫ ሲያደላ የምናየው የዚህ መጀመሪያ ነው። ድሮኑን በመስኮት አጠገብ ወይም በመኪና የኋላ መስታወት ሥር ማኖር ቅርፊቱን ሳይበር ማስረጀት ነው።

ተጠርጣሪዎቹን ካወቅን ስንጥቁን ማንበብ እንችላለን። ባትሪው ይውጣ፣ ፕሮፔለሮቹ ይፈቱ፣ ቅርፊቱም ይከፈት። በጨለማ ክፍል ከውስጥ በኩል ባትሪ መብራት ሲበራበት ስንጥቁ እንደ ክር ይታያል። ከብሎን ቀዳዳ ተነሥቶ የሚበተን ከሆነ ማጥበቅንና ኬሚካልን ጠርጥሩ። በክንዱ አግድም የሚሄድ ከሆነ ንዝረትንና የማረፍ ግጭትን መርምሩ። ስብራቱ ዙሪያውን ነጭ ያደረገ ከሆነ ፕላስቲኩ ከመሰንጠቁ በፊት ተለጥጧል፤ አንድ ከባድ ምት ደርሶበታል ማለት ነው። በሁለቱም ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ቀኑንም ጻፉ። ከጥገና በኋላ ያ ምልክት ከማንኛውም ቃል የታመነ ምስክር ይሆናችኋል።

ቀጥሎ ቁሱን ለዩ። በብዙ ቅርፊቶች የውስጥ ገጽ ላይ የፕላስቲኩ ስም በምኅጻረ ቃል ታትሞ ይገኛል። ይህን ሳያዩ ማጣበቂያ መምረጥ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። ኤቢኤስ ከሆነ የራሱ ፍቅፋቂ በጥቂት አሴቶን ተሟሙቶ የሚገኘው ለጥፍ ስንጥቁን ሊያዋሕደው ይችላል። ፖሊካርቦኔት ከሆነ ግን ያው አሴቶን ስንጥቅ ፈልፋይ ነው። ቅይጥ ከሆነ ወይም ማኅተሙ ከሌለ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራውን፣ በዝግታ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ ምረጡ። ሱፐር ግሉ ከደረቀ በኋላ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለ ሆነ ለሚንቀጠቀጥ ክንድ አይመችም።

ጥገናው ራሱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ብሎኑን አላሉ፤ ሞተሩንም አንሡ። ተወጥሮ ሳለ የተጣበቀ ስንጥቅ ውጥረቱን ይዞ ይደርቃልና። ቦታውን በለስላሳ የሳሙና ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያም ከሚታየው የስንጥቅ ጫፍ ጥቂት አለፍ ብላችሁ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ብሱ። መሰርሰሪያውን በእጅ አዙሩት፤ በኤሌክትሪክ የሚፈጥነው ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ጤነኛን ክፍል መብሳት ለጀማሪ እንግዳ ይመስለዋል፤ ወደ ኢንግሊስ ስሌት ስንመለስ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጫፉ ሬድየስ ከ0.02 ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲሰፋና ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 21 የነበረው ብዜት ወደ 4.5 ይወርዳል። ቀዳዳው ስንጥቁን አላጠፋውም፤ የመቁረጫ ጫፉን ግን ዶልዱሞበታል።

ከዚህ በኋላ የቅርፊቱን የውስጥ ገጽ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ አቧራውን ጥረጉት። ኢፖክሲውን ወደ ስንጥቁ አስገቡና በላዩ ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ አልብሱት፤ የጨርቁ ክሮች ስንጥቁን አቋርጠው ይለፉ። በገጠር የተሰነጠቀን ቅል በወስፌ በስተው የሚሰፉ እጆች ይህን መርሕ ያውቁታል፤ ኃይሉን የሚሸከመው ስንጥቁን የሚሻገረው ክር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የምሕንድስና ሐቅ ነው። የጨርቁን ማዕዘኖች ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለተኛ ድርብ ከጨመራችሁ ከመጀመሪያው ይጠር፤ ጥንካሬው በድንገት ካቆመ አዲስ ስንጥቅ ከዚያ ይነሣል። ለ24 ሰዓት ሳትነኩት ይደር። ኢፖክሲ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንት አድርጉ፤ ስታሻክሩም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ለማጠንከር ሲባል የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ። የካርቦን ጨርቅ ከፋይበር ግላስ የሚበረታ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአንቴና ላይ ከተለበጠ የሬዲዮ ሞገዱን ይጋርዳል። የብረት ቁራጭ ደግሞ ኮምፓሱን ያሳስታል። ከሞተሩ ሥር ጭነት የሚያሰራጭ ዝርግ ሳህን ከተጨመረ ብሎኑ በሳህኑ ውፍረት ልክ ይርዘም፤ ከዚያ ካለፈ የሞተሩን ጥቅልል ሽቦ ይነካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በእጅ ሊሠራ የሚችል ነው። መሐንዲስን ከባለ እጅ የሚለየው ግን መቼ አይጠገንም የሚለውን መወሰኑ ነው። ስንጥቁ ከክንዱ ወርድ ሲሶውን ካለፈ፣ በአንድ ሞተር ሥር ከአንድ በላይ የብሎን ቀዳዳዎች ከተሰነጠቁ፣ ስንጥቆች ከተገናኙ፣ ቅርፊቱ ቢጫ ሆኖ ሲጫኑት ከተሰባበረ፣ ወይም መንስኤው ከነጭራሹ ካልታወቀ፣ የእኔ ፍርድ ቅርፊቱ ይለወጥ የሚል ነው። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበትና በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም የመለዋወጫው ውድነት የመጠገን ችሎታችንን ሊያዳብር ይገባል እንጂ የደኅንነት ልካችንን ሊያወርድ አይገባም። ድሮኑ መሬት ላይ ሲቆይ የሚያከስረው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ ሲወድቅ ግን ምንም ያልተጠየቀ መንገደኛ ነው የሚከፍለው።

የተጠገነውም ቢሆን ወዲያው ሰው ወዳለበት አይሄድም። ለማብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ ባለበት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ከጉልበት ከፍታ ብዙ ሳይርቅ ሁለት ደቂቃ ይንሳፈፍ። ይውረድ፣ ይታይ። ከዚያ አምስት ደቂቃ፤ እንደገና ይታይ። ስንጥቁ የእርሳሱን ምልክት ወይም ቀዳዳውን አልፎ ከተገኘ ጥገናው ምላሹን ሰጥቷል፤ ሌላ ማጣበቂያ መፈለጉ መልሱን አለመቀበል ነው።

መከላከልን በተመለከተ፣ አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል። የተሸረፈ ፕሮፔለርን ለውጡ፤ አዲሱንም ከመግጠማችሁ በፊት በሚዛን ላይ አስቀምጡ፤ የቀለለው ክንፍ ላይ ቁራጭ ፕላስተር መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብሎኖችን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በየጥቂቱ፣ በአጭር እጀታ ካቻቢቴ አጥብቁ፤ ቦታ ካለ ሰፊ ሮንዴላ ግቡበት። የብሎን ማጣበቂያ ካስፈለገ በጥርሱ ጫፍ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ጠብታ ትበቃለች፤ የተረፈውን ወዲያው ጥረጉ። በማረፊያ እግሮች ላይ ለስላሳ ስፖንጅ አድርጉ። ድሮኑን ከፀሐይ ጥላ ሥር አኑሩ። ከሁሉም በላይ፣ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ አራቱን የሞተር ሥሮች በመብራት ተመልከቱ፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙዎቹን ትረሱ ይሆናል፤ በመጽሐፍ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ልማድ ግን ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ስንጥቅ ባያችሁ ጊዜ፣ በድሮን ላይም ይሁን በድልድይ ምሰሶ፣ እጃችሁ ወደ ማጣበቂያው ከመሄዱ በፊት ዓይናችሁ ወደ መነሻው ይሂድ። ስንጥቁ የተሠራበትን ውጥረት፣ የነካውን ፈሳሽ፣ የተሸከመውን ንዝረት ሁሉ በቅርጹ ይናገራል። ምስክሩን ሳይሰሙ አፉን መዝጋት ጥገና አይባልም።